ክርክር፦ ፈጣሪን ፍለጋ ሐይቅ መውረድና ጦሳ መውጣት ጸሎት ነው ወይስ ሽርሽር?

የጦሳ ልጅ (ከፋች)፦
ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። ሰሞኑን የሚያጨቃጭቀንን ነገር ፊት ለፊት እናውራው። ቅዳሜና እሁድ በመጣ ቁጥር ወጣቱ ሐይቅ ይወርዳል፣ ጦሳ ተራራ ይወጣል፣ ይጎፍ ጫካ ይገባል። ሲመለስ "ተዝናናሁ" አይልም፤ "መንፈሴ ታደሰ፣ ፈጣሪን አገኘሁት" ነው የሚለው። አንዳንዱ ቤተክርስቲያንም መስጊድም ከረገጠ ስንት ጊዜው። እኔ ይኼ አይዋጥልኝም። ውብ ቦታ ደስ ያሰኛል፣ ግን ደስታ እምነት ነው ያለው ማነው? ጦሳ ጫፍ ላይ ቆመህ ደሴን ቁልቁል ስታያት ልብህ ቀጥ ይላል፣ እውነት ነው። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ የሚኒባሱ ፍሬን እንቢ ሲልም ልብህ ቀጥ ይላል። እስቲ ተናገሩ። ስድብ የለም፣ የሰው ሃይማኖት መንካትም የለም።

ሐይቅ ዳር፦
ይኼን ጥያቄ የሚጠይቅ ወንድ ነው። እኔ ሐይቅ ተወልጄ ያደግኩ ሴት ነኝ። የእስጢፋኖስ ገዳም ሴት አያስገባም። ሥርዓቱ ነው፣ አከብረዋለሁ፣ አልጣላም። ግን እናቴም እኔም ዕድሜያችንን ሙሉ የተሳለምነው ከሩቅ ነው። ተሳልመን ስናበቃ ውሃው ዳር ቁጭ እንላለን። ጸሎታችንም እዚያው ነው፣ ለቅሷችንም እዚያው። አሁን አንተ መጥተህ ያ ሁሉ ሽርሽር ነበር ልትለኝ ነው? ዳዊትስ "ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ" ያለው ጣሪያ እያየ ነው እንዴ?

ሰንበት ተማሪ፦
እህቴ፣ መዝሙር 121ን ወረድ ብለሽ አንብቢው። ረዳቴ ተራራው ነው አይልም፤ ሰማይና ምድርን የሠራው ነው የሚለው። ኤልያስንም አስታውሺ፣ 1ኛ ነገሥት 19። ኮሬብ ላይ ተራራ የሚሰነጥቅ ነፋስ መጣ፣ ከዚያ የምድር መናወጥ፣ ከዚያ እሳት። እግዚአብሔር በአንዱም ውስጥ አልነበረም። የመጣው በትንሽ ድምፅ ነው። አፍ የሚያስከፍት ነገር ሁሉ መንፈሳዊ አይደለም።

ሐይቅ ዳር፦
ቆይ ግን፣ ኤልያስ ያንን ድምፅ የሰማው አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው እኮ። ቤቱ ተኝቶ አልሰማውም።

ሰንበት ተማሪ፦
የሄደው ሸሽቶ ነው፣ ኤልዛቤል ልትገድለው ዝታበት። ለመዝናናት አይደለም።

ሹፌሩ፦
ኧረ እኛም ሸሽተን ነው። ኤልዛቤል ባትኖር የቤት ኪራይ አለ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ ትንሽ ታሪክ ልጨምር። ሐይቅ እስጢፋኖስ ዛሬ በየብስ ይገባል፤ ድሮ ግን ደሴት ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ወደዚያ ከመምጣታቸው በፊት ደብረ ዳሞ ነበሩ። ደብረ ዳሞ በገመድ የሚወጣ አምባ ነው። ከገመድ ወደ ውሃ መጡ ማለት ነው። ሁለቱን ቦታዎች አንድ የሚያደርጋቸው ሰው እንደልቡ የማይደርስባቸው መሆኑ ነው፤ መልካቸውማ ለየቅል ነው። ከደረሱም በኋላ ውሃ ሲያዩ አልዋሉም። አስተማሩ፣ መጻሕፍት ሰበሰቡ። ለገዳሙ የሰጡት የብራና አራቱ ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እሳቸው ዘንድ እንደተማሩ ይነገራል።

የበለጠ የሚገርመኝ ግን ግሸን ነው። ዙሪያውን ገደል ነው፣ አምባው የመስቀል ቅርጽ አለው፣ መስከረም 21 ሕዝቡ ግማደ መስቀሉ ካለበት ልድረስ ብሎ ይጎርፋል። ይኸው አምባ ድሮ የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚታሰሩበት ነበር። እስቲ አስቡት። ያው ገደል፣ ያው ጉም፣ ያው የጀንበር መውጫ፣ ለአንዱ ደብር ለሌላው ወህኒ። አንድ ልዑል ማለዳ ተነስቶ ገደሉን እያየ "መንፈሴ ታደሰ" ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ለከፋቹ አደላለሁ። ውበት ብቻውን ሥራ አይሠራም።

ሐይቅ ዳር፦
ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ፣ ግን ዘርአ ያዕቆብ ራሱ ከመንገሡ በፊት እዚያው አምባ ላይ ታስሮ ነበር ይባል የለ? ከነገሠ በኋላ ደግሞ ግማደ መስቀሉን ወስዶ ያስቀመጠው እዚያው ነው ይባላል። የታሰረበትን ቦታ መርጦ! ወህኒ ሆኖበትም አንድ ነገር አይቶበታል ማለት ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ጥሩ ወጋሽኝ። ግን ቅርጹን ነው የመረጠው፣ ለመስቀሉ የተገባ ነው ተብሎ። የጀንበሩን ማማር የሚያወራ ታሪክ አልሰማሁም።

የሸዋበር ልጅ፦
እኔ ከእስልምና በኩል ልናገር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወሕይ፣ ማለትም የአላህ መልእክት፣ ሳይመጣላቸው በፊት ሒራእ ዋሻ ይገለሉ ነበር፣ እውነት ነው። ግን ዋሻው ያለበትን ተራራ፣ የጀበል ኑርን ፎቶ አይታችኋል? ደረቅ ድንጋይ ነው። ሐይቅ የለ፣ ጽድ የለ። ወሕይ ከመጣ በኋላ ደግሞ ሰው ሁሉ ዋሻ ይግባ አልተባለም፤ የታዘዘው ጀማዓ፣ በኅብረት መስገድ ነው። በሐዲስም ለዒባዳ (ለአምልኮ) ተብሎ ጓዝ የሚጫነው ወደ ሶስት መስጊዶች ነው፦ ወደ መካው፣ ወደ መዲናውና ወደ አል-አቅሷ። ይጎፍ ከሶስቱ ውስጥ የለም። ሂዱ፣ ተደሰቱ፣ ሱብሓነላህ በሉ። ዒባዳ አታድርጉት ነው የምለው።

የአልብኮ ልጅ፦
አብሽር ወንድሜ፣ ያንን ሐዲስ ዑለሞቹ ሁሉ በአንድ መንገድ አልተረዱትም፣ ታውቃለህ። የመውሊድ ቦታችን ጀማ ንጉሥ እዚሁ አልብኮ ነው። አያቶቻችን ለመውሊድ በእግራቸው ይወጡ ነበር፣ ዛሬም ይወጣል። ለተራራው የሚሰግድ ሰው የለም። መንዙማ አለ፣ ድቤ አለ፣ ዱዓ አለ፣ ሌሊቱን ሙሉ። ቦታው ደግሞ ያግዛል፣ ለምን እንዋሻለን? ሱረቱ አሊ ዒምራን ላይ በሰማያትና በምድር አፈጣጠር ውስጥ ለአስተዋይ ምልክት አለ ይላል፣ ቆመው፣ ተቀምጠው፣ ጎናቸው ላይ ተጋድመው አላህን ለሚያወሱ ሰዎች። ተጋድመው! ይጎፍ ሥር ሣር ላይ የተጋደመ ልጅ ታዲያ ምን አጠፋ?

የሸዋበር ልጅ፦
አላህን ካወሳ ምንም። እኔ የማያቸው ግን ተጋድመው ስልክ ነው የሚያዩት።

የፊኒክሱ፦
ከሩቅ ልግባ። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ አሪዞና ነው የምኖረው። ከፊኒክስ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ሲዶና የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ቀይ የድንጋይ ተራራዎች ናቸው፣ በተለይ ሲመሽ አይን አይጠግባቸውም። እዚያ "የኃይል አዙሪት" አለ የሚሏቸው ቦታዎች አሉ፣ ምድሪቱ ራሷ መንፈሳዊ ኃይል ታመነጫለች ብለው። መሬት ላይ የሚለካ ነገር የለም፣ ግን አስጎብኚ አለ፣ ካርታ አለ፣ ድንጋይ የሚሸጥ ሱቅ አለ። በ1956 እ.ኤ.አ. ቀዩን ድንጋይ ተደግፎ የተሠራ የቅዱስ መስቀል ጸሎት ቤትም አለ፣ እሱን ግን ወድጄዋለሁ።

ይኼን ያነሳሁት በምክንያት ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. አንድ ታዋቂ አነቃቂ ተናጋሪ በሲዶና አካባቢ ሰዎችን ለመንፈሳዊ ተሐድሶ ሰበሰበ። ሰው ወደ 10,000 ዶላር የሚጠጋ ከፍሎ ነው የመጣው። መጨረሻ ላይ በጋለ ድንጋይ የታፈነ ድንኳን ውስጥ አስገባቸውና በሙቀቱ ሶስት ሰዎች ሞቱ። ሰውየው ተፈርዶበት ታስሮ ነበር። ቦታው ውብ ነበር። አንድ ሰው ግን "ውጡ፣ ይበቃል" የሚል አልነበረም። ገዳም ቢሆን አበምኔት አለ፣ ሐድራ (የዱዓ ጉባኤ) ቢሆን ሼህ አለ፣ የሚቆጣህ አለ። ብቻህን የፈጠርከው መንፈሳዊነት ውስጥ ግን ማን ይቆጣሃል? ገንዘብ የሚፈልገው ሰውዬ ነው ቀድሞ የሚደርስልህ። እኛ አገርም ይኼው እየመጣ ነው፣ ተጠንቀቁ።

ሐይቅ ዳር፦
የሚቆጣ ያለበትም ቦታ ስንቱን አይተናል ወንድሜ። ጸበል ቦታ በሽተኛ ታስሮ ሲገረፍ የሚያውቅ ሰው እዚህ የለም? ውሃ ዳር ብቻዬን ብቀመጥ ማን ይገርፈኛል።

ነርሷ፦
እኔ በሥራዬ ያየሁትን ልበል። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ብዙ መጥተዋል፣ ደሴም ኮምቦልቻም ተይዘው እንደነበር አትረሱ። በር ሲዘጋ የሚደነግጡ፣ ቤት ውስጥ መቀመጥ ያቃታቸው። አንዳንዶቹ ወደ ገደሉ ጫፍ ወደ አዝዋ ወይ ወደ ጦሳ በእግር መሄድ ጀመሩና ትንሽ ቀለል አላቸው። ትንፋሽ ይረጋጋል፣ የሰውነት መወጠር ይቀንሳል፣ ይኼ ተአምር አይደለም፣ የሚታወቅ ነገር ነው። ከዚያ አንዱ "ሰውነቴ አረፈ" ይላል፣ ሌላው "እግዜር አናገረኝ" ይላል። የመጀመሪያውን አምኜ ሁለተኛውን ላፌዝበት? ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተኝቶ አድሯል እኮ። ብቻ ጦሳ መድኃኒት ነው ብላችሁ የታዘዘ ክኒን እንዳታስጥሉብኝ።

የጦሳ ልጅ፦
እህቴ፣ ይኼንን አልካድኩም። ሂዱ፣ ተንፍሱ። የምለው ስሙን አታሳስቱት ነው። ዕረፍት በሉት።

የይጎፍ ሥር ልጅ፦
እናንተ ስለ መንፈስ ስታወሩ ስለ እኛ ማንም አላነሳም። እኛ እዚያ ነው የምንኖረው። እናቴ እንጨት ተሸክማ የምትወርድበትን ዳገት እናንተ ቆማችሁ ፎቶ ታነሱበታላችሁ። እሷ ቁልቁለቱ ላይ ጉልበቷን እያሰበች ነው፣ የቦርከና ሸለቆ ማማር ትዝ አይላትም። ይኼ ማለት ግን አትጸልይም ማለት አይደለም፤ ከእናንተ ሁሉ በላይ ትጸልያለች፣ ቡና አፍልታ፣ ጎረቤት ጠርታ፣ ወዳጃ ላይ። ደግሞ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ የውሃ ፕላስቲክ እኛ ነን የምንለቅመው። ፈጣሪን ያገኘ ሰው እንዴት ላስቲክ ጥሎ ይሄዳል? ስፒከሩንስ ምን ልበለው። ጫካው ውስጥ ጸጥታ ፍለጋ መጣን ብለው የከፈቱት ዘፈን እኛ ደጅ ድረስ ይሰማል።

ሹፌሩ፦
ይኼኛው ልክ ነው። እኔ የግሸን መንገደኛም የሐይቅ መንገደኛም እጭናለሁ። የግሸኑ አቧራ ጠጥቶ፣ መንገድ ዳር አድሮ፣ ዳገቱን በባዶ እግሩ የሚወጣ አለ፣ አሮጊት ነች ብለህ ላግዝሽ ስትላት "ተወኝ ልጄ፣ ስለቴ ነው" ትልሃለች፣ ሲመለስም መኪናው ውስጥ ዝም ብሎ ነው የሚመለሰው። የሐይቁ ደግሞ ሲሄድም ሲመለስም ይጨፍራል። እኔ ማን ፈጣሪን እንዳገኘ አላውቅም፣ ሒሳብ ነው የምቀበለው። ግን አንደኛው የሆነ ነገር ከፍሎበታል።

ሐይቅ ዳር፦
ሹፌሬ፣ የማይጨፍሩም አሉ። አንተ የምታስታውሰው የሚጮኸውን ነው።

የጦሳ ልጅ፦
እሺ፣ መስማማት አልቻልንም። ቢያንስ በአንድ ነገር እንስማማ፦ ሐይቅም ይጎፍም ስፒከር ይዞ መሄድ ነውር ነው። ማን ይቃወማል?

ሹፌሩ፦
ከእሁድ ጀምሮ ስፒከር የያዘ አላሳፍርም።

የአልብኮ ልጅ፦
መንዙማ ቢሆንስ?

ሹፌሩ፦
መንዙማም መዝሙርም በጆሮ ማዳመጫ።

የአልብኮ ልጅ፦
ወላሂ ተቃውሜያለሁ። መንዙማ በጆሮ ማዳመጫ ማን ይቀበላል?