እናቴን ይዤ ዴልሂ ልሄድ ነው፤ ኢንተርኔቱን እንዴት ላድርግ?

በሚቀጥለው ሳምንት እናቴን ለልብ ህክምና ወደ ዴልሂ ይዣት እሄዳለሁ። 18 ቀን እንቆያለን። እዚህ ፒያሳ የሚቀሩት ወንድሞቼና አክስቶቼ በየቀኑ በቪዲዮ ሊያዩዋት ይፈልጋሉ። የሆስፒታሉ አስተባባሪም የሚያወራኝ በዋትስአፕ ብቻ ነው። ስለዚህ ከኤርፖርት ከወጣንበት ሰዓት ጀምሮ ዳታ ያስፈልገኛል።

ሮሚንግ፣ ማለትም የአገር ቤቱን ሲም ውጭ አገር መጠቀም፣ ፈራሁ። ባለፈው ዓመት ወንድሜ ዱባይ ሄዶ ዳታውን ሳያጠፋ ተኛ። ጠዋት ሲነሳ የሞላው 2,000 ብር የለም። አፕሊኬሽኖቹ ሌሊቱን ሙሉ ራሳቸውን ሲያድሱ ነው ያደሩት። ያ ገንዘብ ለኛ ቀላል አይደለም።

ኢሲም፣ ማለትም ካርድ የሌለው፣ ስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም፣ ልገዛ ሞከርኩ። ክፍያው በዶላር ስለሆነ የብር ካርዴን አልተቀበለም። ደግሞ ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ብዬ ስደውል ኢኤምኢአይ (የስልኩ መለያ ቁጥር) ብቻ ነው የሚመጣው፤ ኢአይዲ የሚባለው የኢሲም መለያ ቁጥር የለም። ስልኩ ኢሲም አይቀበልም ማለት ነው። ስታዲየም አካባቢ ያለ ስልክ ጠጋኝም ይህንኑ ነገረኝ። ሁለት ሲም ግን ይይዛል። የአዲስ አበባውን ማውጣት አልፈልግም፤ የባንክ ማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣልኝ በሱ ነው።

የቀረኝ እዚያው ሲም መግዛት ነው። ፓስፖርት፣ የቪዛ ኮፒና ጉርድ ፎቶ አዘጋጅቻለሁ። ግን ለውጭ ሰው የሚሸጠው ሲም ወዲያው ላይከፈት ይችላል አሉኝ። እኛ የምንደርሰው ደግሞ ሌሊት ነው፤ እናቴን ይዤ መንገላታት አልፈልግም።

ዴልሂ ታካሚ ይዛችሁ የሄዳችሁ፣ ሲሙን የት ገዝታችሁ በስንት ሰዓት ውስጥ ሠራላችሁ?