አሮጌ ፊያት 124 ስፓይደር ቁልፍ ሳዞር "ጠቅ" ብላ ዝም ትላለች፣ ከየት ልጀምር?

የጣና_ዳር_ሾፌር፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። አጎቴ የተወልኝ የ1971 (እ.ኤ.አ.) ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር አለችኝ፣ ያቺ ፒኒንፋሪና የሳላት፣ ጣሪያዋ ጨርቅ የሆነው፣ ሞተሯ 1608 ሲሲ። ክረምቱን ሽምብጥ ግቢ ውስጥ ነው የቆመችው፣ የሐይቁን እርጥበት ታውቁታላችሁ መቼም። አሁን ቁልፍ ሳዞር የዳሽቦርዱ መብራት ቦግ ብሎ ይበራል፣ ከዛ "ጠቅ" አንዴ ብቻ፣ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ሞተር) አይዞርም። አንዳንዴ ደጋግሜ ስሞክር ትነሳለች፣ ከሞቀች በኋላ ካጠፋኋት ግን ጭራሽ እምቢ። የሚገርመው የባጃጅ ልጆች ሲገፉልኝ ወዲያው ትነሳለች። ባህር ዳር ደግሞ ሜዳ ናት፣ ቁልቁለት ፍለጋ ቤዛዊት ኮረብታ ልወጣ ነው እንግዲህ ሃሃ። አንድ ጋራዥ ሞተሪኖ ይቀየር፣ ዲናሞ ይቀየር፣ ካልሆነ ሙሉ ሽቦው እንደ አዲስ ይዘርጋ አሉኝ። ቴስተር (የቮልት መለኪያ) አለኝ፣ ምን ልለካ?

ፍሬቻ፦
ባትሪ ነው ወንድሜ አትድከም። ክረምት የቆመ ባትሪ አለቀለት ማለት ነው፣ ቀይረውና ተገላገል።

ጋሽ_ቦቢና፦
ሳይለኩ ቀይር ቀይር ማለት ምን ይሉታል። ልጁ ያለውን አንብቡት እስቲ፣ ሲገፉት ወዲያው ትነሳለች እኮ ነው የሚለው። ስለዚህ እሳት የሚሰጡት ቦቢናው፣ ፑንቲናው፣ ካንዴላው፣ ከዛም ቤንዚኑ ደህና ናቸው፣ እነሱን ልፍታልህ የሚል ካለ ኪስህን ነው የሚፈታው። ዲናሞም ሥራው ከተነሳች በኋላ ነው፣ ለዚህ ችግር አይጠየቅም። የቀረው ከባትሪ እስከ ሞተሪኖ ያለው መንገድ ነው። ስፓይደር ላይ ባትሪው የኋላ ኮፈን ውስጥ ስለሆነ ወፍራሙ ፖዘቲቭ ገመድ መኪናዋን ሙሉ አቋርጦ ነው ሞተሪኖው ጋ የሚደርሰው፣ ማሳው (የኔጌቲቩ መስመር) ደግሞ እዛው ኋላ ቦዲው ላይ ታስሮ ከቦዲ ወደ ሞተር በሌላ አጭር ጥልፍ ሽቦ ይሻገራል፣ ያ ጥልፍ ሽቦ ነው ብዙ ሰው የሚረሳው።

አሁን ማታ ግድግዳ ፊት ለፊት አቁማትና የፊት መብራት አብርተህ ቁልፉን አዙር። "ጠቅ" ስትል መብራቱ ድርግም ካለ ባትሪው ወይም ማሰሪያው ነው፣ ፍሬቻም ልክ ይሆናል። መብራቱ እንዳለ ከቆየ ግን ከረንቱ ጭራሽ ወደ ሞተሪኖው እየሄደ አይደለም። ከዛ ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርግ። ባትሪው እንደቆመ 12.6 አካባቢ ካለ ሙሉ ነው፣ 12.2 ከሆነ ግማሽ ላይ ነው፣ ሞተሪኖ እየዞረ ከ9.6 በታች ከወረደ ይጣል። ቀጥለህ ሰው ቁልፉን ይዞልህ በባትሪው ኔጌቲቭ እርሳስና በሞተሩ ብረት መሀል ለካ፣ ማሰሪያው ላይ ሳይሆን ራሱ እርሳሱ ላይ። ከ0.5 በላይ ከሆነ ማሳህ ታሟል። መጨረሻ ሞተሪኖው ላይ ቀጭኗ ሽቦ የምትገባበት 50 የሚባለው ጋ ያለውን ከሞተሩ ብረት ጋር ለካና ንገረኝ።

እስከዛ ደግሞ መግፋቱን ቀንስ። የታይሚንግ ቺንጋው ያረጀ ከሆነ ተገፍታ ስትነሳ ጥርስ ሊዘል ይችላል፣ ያኔ የሞተሪኖ ወሬ ቀርቶ የቫልቭ ወሬ ነው የምናወራው።

የጣና_ዳር_ሾፌር፦
እሺ ጋሼ ለካሁት። ባትሪ 12.6፣ "ጠቅ" ስትል 12.3፣ መብራቱ ፍንክች አላለም። ማሳው 0.1 ነው ስለዚህ እሱ ደህና ነው መሰለኝ። 50 ላይ ግን 7.8 ብቻ።

ጋሽ_ቦቢና፦
እሰይ፣ ተገኘች። ባትሪው ጋ 12.3 እያለ 50 ጋ 7.8 ከደረሰ ከ4 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ተበልቷል ማለት ነው፣ የበላው ደግሞ የቁልፉ ኮንታክትና በዛ መስመር ያሉት ማገናኛዎች ናቸው። ሶሌኖይዱ (ሞተሪኖው ላይ ያለው ከረንቱን የሚያገናኝለት ማግኔት) ሲስብ የሚጠጣው ከረንት በሙሉ በዚያች ትንሽ ቁልፍ ውስጥ ነው የሚያልፈው፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ኮንታክት አትችለውም። በ7.8 ቮልት ሶሌኖይዱ ይንቀሳቀሳል ግን እስከመጨረሻው አይስብም፣ "ጠቅ" ብቻ የምትሰማው ለዛ ነው። ስትሞቅ የሚብሰውም የሶሌኖይዱ ጥቅልል ሲግል ሬዚስታንሱ ስለሚጨምር ነው።

ማሳው ግን 0.1 አለ ብለህ አትመካ፣ ሞተሪኖው ሳይዞር ከባድ ከረንት አላለፈበትም እኮ። ማርሿ ፎሌ (ባዶ) ላይ መሆኗን አረጋግጥ፣ የእጅ ፍሬን ሳብ፣ ቁልፉ ጠፍቶ ሞተሪኖው ላይ 30 (ከባትሪው ወፍራሙ ገመድ የሚገባበት) እና 50ን በሽቦ ለአፍታ አገናኝ። በጉልበት ከዞረ ሞተሪኖህ ጤነኛ ነው። እየዞረ ማሳውን እንደገና ይለካልህ። 30ዋ ላይ ሁሌም ባትሪ አለ፣ ፊውዝም የላትም፣ ብሎኗን በመፍቻ ልትነካ ከሆነ ኔጌቲቩን ሳትነቅል እንዳትሞክር።

የጣና_ዳር_ሾፌር፦
ኧረ ጋሼ እንዴት እንደዞረች! ማሳው ግን 0.8 ሆነ። ጥልፍ ሽቦውን ስፈታው ከብሎኑ ስር አረንጓዴ ዱቄት ረገፈ፣ ክሩም ግማሹ ተበጥሷል። አዲስ አሠርቼ ቦዲውን እስከ ብረቱ በሸራ ወረቀት ፍቄ አሰርኩት፣ አሁን 0.2 ነው። 50 ላይ ግን ያው 8 አካባቢ ነው፣ በቁልፍ አሁንም "ጠቅ" ነው።

ስፓይደር_ናፋቂ፦
በዚሁ ቁልፉን ቀይረው ባይ ነኝ፣ ኦሪጅናል ነገር ቢሆን ይሻላል፣ ሪሌይ (በትንሽ ከረንት ታዞ ትልቁን የሚያገናኝ ማብሪያ) ምናምን እየጨመሩ የድሮ መኪና ማበላሸት አልወድም።

ጋሽ_ቦቢና፦
ኦሪጅናሉን ከየት ሊያመጣ ነው? ቢያገኝም አዲሱ ቁልፍ ያንኑ ከረንት ተሸክሞ ያንኑ በሽታ ነው የሚይዘው። የ40 አምፔር ሪሌይ ግዛ። ድሮ 50 ላይ የነበረችውን ሽቦ የሪሌዩ እግር 86 ላይ ሰካት፣ 85ን ማሳ፣ ከሞተሪኖው 30 ወፈር ያለ ሽቦ በ30 አምፔር ፊውዝ አሳልፈህ ወደ ሪሌዩ 30፣ ከ87 ወደ ሞተሪኖው 50። ቁልፉ ከዛ በኋላ ሪሌዩን ብቻ ነው የሚያዘው፣ በ8 ቮልትም ያዘዋል። ኦሪጅናል ሽቦ አንድም አይቆረጥም፣ ነገ ብትፈልግ ነቅለህ እንደነበረች ትመልሳታለህ።

የጣና_ዳር_ሾፌር፦
ገባኝ። ሪሌዩን ኋላ ባትሪው ጋ ልሰረው ወይስ ፊት?

ጋሽ_ቦቢና፦
ፊት፣ ሞተሪኖው አጠገብ፣ ሽቦው አጭር እንዲሆን። ከጭስ ማውጫው ራቅ አድርገህ የሽቦዎቹን መግቢያ ወደ ታች አዙረህ እሰረው፣ ውሃ እንዳይጠራቀምበት። ፊውዙን ደግሞ ከ30 በወጣህበት እዛው ቅርብ አድርገው እንጂ ሪሌዩ ጋ አታድርገው።