ግራኒ ስሚዝ የምትባለው ሴት ማን ነበረች?

የጨንቻ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ። አባቴ ጨንቻ ላይ አፕል ያለማል። ጓሯችን ውስጥ አና የሚባለው ዝርያ አለ፣ ዶርሴት ጎልደን የሚባለውም አለ፣ ጥግ ላይ ደግሞ አረንጓዴው ግራኒ ስሚዝ አለ። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ሱፐርማርኬት ስገባ ያው ስም የተለጠፈበት፣ ከውጭ የመጣ አፕል አያለሁ። ባለፈው አባቴ በስልክ ‹‹ይቺ ስሚዝ የሚሏት ሰው ነበረች ወይስ ፈረንጆች ለገበያ ያወጡት ስም ነው?›› ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። ስለ ሕይወቷም ስለ ቤተሰቧም የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ለአባቴ አነብለታለሁ።

ፍራፍሬ ቤት
እኔ ፍራፍሬ እሸጣለሁ። ሰው በስሙ አይጠራውም፣ ‹‹ያንን ኮምጣጣውን አረንጓዴ ስጠኝ›› ነው የሚለው። እንደኔ ከሆነ ከሁሉም የሚመረጠው እሱ ነው፤ ሳይበላሽ ብዙ ይቆያል። ሴትዮዋ የአውስትራሊያ ሰው ናት ሲባል ሰምቻለሁ። ከዚያ በላይ የሚያውቅ ይምጣ።

ራይድ ሰፈር
ሰው ናት ልጄ፣ ያውም ገበሬ። የምኖረው ሲድኒ፣ ራይድ የሚባል ሰፈር ነው። የተቀበረችው እዚሁ ቅድስት አን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። ለሥራ ስወጣ በዚያ በኩል ነው የማልፈው፤ የእሷን ነገር ስጠየቅ ዝም ማለት አልችልም። ለአባትሽ እንዲመች ከሥሩ ልጀምር። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሙሉ ስሟ ማሪያ አን ስሚዝ ነው። በአባቷ ቤት ስሟ ሼርዉድ ነበር። በ1799 እንግሊዝ ሀገር፣ ሰሴክስ ውስጥ፣ ፒስማርሽ በምትባል መንደር ተወለደች። አባቷ ፒተር በሰው እርሻ ላይ ተቀጥሮ የሚሠራ ድሃ ነበር። በ1819፣ ገና በ19 ዓመቷ፣ ቶማስ ስሚዝን አገባች። እሱም እንደ አባቷ የእርሻ ቅጥረኛ ነው። ቤክሊ የምትባል መንደር ውስጥ ጎጆ ወጥተው 19 ዓመት ኖሩ። ስምንት ልጅ ወለደች፤ ሦስቱ በሕፃንነታቸው ሞቱባት።

ይህቺን ነገር ሰው ዘሏት ነው የሚያልፈው። ስለ አፕሉ ሲወራ ሁልጊዜ ሽርጥ የታጠቀች ፈገግተኛ አሮጊት ነው የሚስሉት። እኔ አንጀቴን የምትበላው ግን አርባ ሊሞላት ጥቂት የቀራት ማሪያ ናት። ሦስት ልጆች ቀብራ፣ የተረፉትን ይዛ፣ ተመልሳ የማታየውን ሀገር ትታ መርከብ የተሳፈረችው።

ያኔ ሲድኒ ያለችበት የኒው ሳውዝ ዌልስ ቅኝ ግዛት እርሻ የሚያውቅ ሰው አጥብቆ ይፈልግ ነበር። የመንግሥት ወኪሎች የእንግሊዝን ገጠር እየዞሩ ሰው ይመለምሉ ነበር። ስሚዞች ብቻቸውን አልተነሱም፤ ከቤክሊ ሌሎች አምስት ቤተሰቦች አብረዋቸው ወጡ። ሌዲ ኑጀንት በምትባል መርከብ ተሳፍረው ኖቬምበር 27 ቀን 1838 ሲድኒ ገቡ። ስደትን የሚያውቅ ሰው ይህ ይገባዋል። የሀገርሽ ሰው አጠገብሽ ካለ ቀኑም ይገፋል።

ቶማስ ኪሲንግ ፖይንት ላይ፣ ማለትም እዚሁ ራይድ አካባቢ፣ አንድ ሰፋሪ ዘንድ ተቀጠረ። የራሳቸውን መሬት እስኪይዙ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ፈጀባቸው። በ1855 ወይም በ1856 ነው 24 ኤከር በ605 ፓውንድ የገዙት። ወደ 10 ሄክታር ይጠጋል። አባቷም ባሏም በሰው መሬት ሲሠሩ ለኖሩባት ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አባትሽ ከእኔ በላይ ያውቃል። እዚያ ላይ ፍራፍሬ ተከሉ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ያ መሬት ባዶ መሬት አልነበረም። የዋሉሜዴጋል ሕዝብ ሀገር ነው። እንግሊዞች በ1788 መጥተው ሰፈሩ። በዓመቱ ፈንጣጣ ገብቶ በሲድኒ ዙሪያ የነበረውን ነባር ሕዝብ ፈጀው። በ1792 ደግሞ ቅኝ ገዢዎቹ የዚህን አካባቢ መሬት እየሸነሸኑ ለወታደሮችና ቅጣታቸውን ለጨረሱ እስረኞች ማደል ጀመሩ። ስሚዞች ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጡ ናቸው፣ በላባቸው ገንዘብ ነው የገዙት። ቢሆንም መሬቱ ከማን እጅ እንደወጣ አብሮ መነገር አለበት ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ዛፉ። በ1868 ማሪያ ኤድዊን ስሞል የሚባል ልጅና አባቱን ‹‹ኑና አንድ ነገር እዩልኝ›› ብላ ጠራቻቸው። ስሞሎች ራሳቸው ፍራፍሬ አልሚዎች ናቸው። ልጁ ያኔ 12 ዓመቱ ነው። ግቢዋ ውስጥ ባለው ጅረት ዳር ማንም ያልተከለው የአፕል ችግኝ በቅሎ ፍሬ ይዞ አሳየቻቸው። ‹‹የጣልኩት የፈረንሳይ ክራብ አፕል ትራፊ ነው የበቀለው›› አለቻቸው። ክራብ አፕል ኮምጣጣው፣ ለወጥ ቤት የሚሆነው ዓይነት ነው። ሌላም ሌላም ታሪክ ይወራል። እኔ የኤድዊን ስሞልን ነው የምቀበለው፣ ምክንያቱም በዓይኑ ያየ ሰው ነው። በ1924 ኸርበርት ራምሲ የሚባል የአካባቢው ታሪክ ጸሐፊ ከአፉ ሰምቶ ባይጽፈው ኖሮ ይህን እንኳን አናውቅም ነበር።

ማሪያ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት እንኳን በቅጡ አልኖረችም። ማርች 9 ቀን 1870 አረፈች። አፕሏ ገበያ ሞልቶ፣ በየሀገሩ ስሟ ሲጠራ አላየችም።

የጨንቻ ልጅ
እትዬ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! በስልክ አነበብኩለት። መሬት የገዙበት ቦታ ላይ ሲደርስ ‹‹ድገሚው›› አለኝ። ሁለት ጥያቄ አለው። አንደኛ፣ እሷ ከሞተች ዛፉን ማን አቆየው? ልጆቿ ናቸው? ሁለተኛ፣ እኛ ጋ ያለው ዛፍ የእሷ ዘር ነው ማለት ይቻላል? ጎረቤታችን ከፍሬው ውስጥ ዘሩን አውጥቶ መትከል ይፈልጋል።

ችግኝ ጣቢያ
ሁለተኛውን ለእኔ ተዉልኝ፣ የዕለት ሥራዬ ነው። ጎረቤታችሁ ዘሩን እንዳይተክል በሉት። ከአፕል ዘር የበቀለ ዛፍ እናቱን አይመስልም። ከአንድ አፕል ውስጥ አምስት ዘር አውጥተህ ብትተክል አምስት የተለያየ ዛፍ ነው የምታገኘው፣ አብዛኛውም የማይበላ። የማሪያ ዛፍ ከወደቀ ትራፊ በቅሎ እንዲህ ያለ ፍሬ መስጠቱ በጣም ብርቅ ነገር ነው።

ዝርያው የሚቀጥለው በግራፍቲንግ ብቻ ነው። ከዛፉ ቀንበጥ ይቆረጥና ሌላ ሥር ላይ ይጣበቃል፣ በፕላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ሁለቱ ቁስል አብሮ ይድናል። ከዚያ ያደገው እንደገና ይቆረጣል። እንዲህ እየተቆረጠ እየተቀጠለ ነው ከሲድኒ ጨንቻ የደረሰው። ስለዚህ ለአባትሽ እንዲህ በዪው፦ ጓሮህ ያለው የዛፉ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አይደለም። ያው ዛፍ ራሱ ነው፣ ቀንበጡ በሌላ ሥር ላይ ቆሞ። በዓለም ያለው ግራኒ ስሚዝ ሁሉ እንደዚያ ነው።

አንድ ምክር ልጨምር። ግራኒ ስሚዝ ከአናና ከዶርሴት ጎልደን የበለጠ ብርድ ይፈልጋል። እኛ ሀገር ደግሞ ቅጠሉን አራግፎ የሚያስተኛው ክረምት የለም። ፍሬ አልይዝ ካለ ከምርት በኋላ ቅጠሉን በእጅ ያራግፉለት፣ ያኔ አዲስ እንቡጥ ያወጣል። አናውን ከአጠገቡ አታርቁት፣ አብረው ካበቡ በአበባ ዱቄት እርስ በርስ ይጠቃቀማሉ።

ራይድ ሰፈር
ለዚህ መልስ አመሰግናለሁ፣ እኔ እንዲህ አድርጌ ማስረዳት አልችልም ነበር። የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ።

ባሏ ቶማስ እስከ 1876 ኖረ። ሲሞት መሬቱ እየተከፋፈለ ተሸጠ። ዛፉን ያቆየው ኤድዋርድ ጋላርድ የሚባል የአካባቢው ፍራፍሬ አልሚ ነው። ከስሚዞች መሬት ከፊሉን ገዛ፣ ያንን አፕል በብዛት ተከለ፣ በ1914 እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ ሲድኒ ገበያ አወረደ። ይህን ሰው ማንም አያነሳውም፤ ለእኔ ግን ከማሪያ ቀጥሎ መጠራት ያለበት እሱ ነው። ዛፉን ነቅሎ ሌላ መትከል ይችል ነበር፣ የሚጠይቀውም አልነበረም።

በ1891 ካስል ሂል ላይ በተደረገው የእርሻ ኤግዚቢሽን አፕሉ በስሟ ቀርቦ ለወጥ ቤት ከሚሆኑት አፕሎች ሽልማት ወሰደ። በ1895 ደግሞ የኒው ሳውዝ ዌልስ እርሻ መሥሪያ ቤት የፍራፍሬ ባለሙያ፣ አልበርት ቤንሰን፣ ለውጭ ገበያ ከሚሆኑት ዝርያዎች ጋር መዘገበው። ባተርስት ባለው የመንግሥት ምርምር ጣቢያም በሰፊው ይተከል ጀመር። ፍራፍሬ ቤት ያለው ወንድማችን እንዳለው ነው። ቶሎ አይበላሽም። ያኔ ከአውስትራሊያ እንግሊዝ በመርከብ ሳምንታት ይፈጃል፣ ስለዚህ መንገዱን የሚችል አፕል ወርቅ ነበር። ስሙን ያስጠራውም ይህ ጠባዩ ነው። ለስላሳ አፕል ቢሆን ኖሮ ከራይድ አይወጣም ነበር።

ፍራፍሬ ቤት
ዛሬ ደንበኞቼ ይህን ሁሉ ሊሰሙ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። በሕይወት እያለች ራሷ ትሸጥ ነበር?

ራይድ ሰፈር
ትሸጥ ነበር ይባላል፣ ፍራፍሬዋን ሲድኒ ገበያ እየወሰደች። ከክራብ አፕሉ ታሪክ ጋርም ይገጥማል፤ አንዳንዱ ያንን ኮምጣጣ አፕል ከገበያ ያመጣችው ለወጥ ቤት ልትሞክረው ነው ይላል።

መሬቷ የነበረበት አካባቢ አሁን ኢስትዉድ ይባላል። አንድ የአፕል እርሻ የለም። ዋናው መንገድ ላይ የቻይናና የኮሪያ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ናቸው የሞሉት። ግን አልተረሳችም። ከ1985 ጀምሮ በኦክቶበር የግራኒ ስሚዝ ፌስቲቫል ይደረጋል። መንገዱ ይዘጋል፣ ሰልፍ አለ፣ የአፕል ኬክ ውድድር አለ። እኔ በጣም የምወደው ከየሀገሩ የመጣው ሕዝብ ልጆቹን በትከሻው አድርጎ ሰልፉን ሲያይ ነው። እነሱም እንደ እሷ ከሩቅ የመጡ ናቸው።

የጨንቻ ልጅ፣ አባትሽ ፍቃደኛ ከሆነ የዛፉን ፎቶ ላኪልኝ። ቅዳሜ መቃብሯ ጋ ሄጄ እኔም አንድ አነሳለታለሁ። ፍሬ ይዞ ከሆነ በደንብ እንዲታይ ቀረብ ብለሽ አንሺው፣ እዚህ ለማሳየት የምፈልጋቸው ሰዎች አሉ።