ፍየል የበላችው ገረባ ጉልበቱ የት ይገባል?

የከዚራዋ፦ ሰላም ጀማው። ድሬ ነኝ፣ ግቢዬ ውስጥ ፍየሎች አሉኝ። ቀለባቸው ከሰፈሩ የበርጫ ቤቶች የሚለቀም ገረባ፣ ጫት ተቅሞ የሚተርፈው ቅጠል ነው፤ አቦ ደህና አድርጎ ያወፍራቸዋል። የእህቴ ልጅ ባዮሎጂ ሲያጠና መጽሐፉ «ከአንዱ በይ ወደ ቀጣዩ የሚያልፈው ኃይል 10 በመቶ ያህል ነው» ይላል። «አክስቴ፣ 90ው የት ሄደ?» ብሎ ያዘኝ። በጠጡ ውስጥ ነው እንዳልለው፣ በጠጡን ቲማቲሜ ሥር ስደፋው ቲማቲሙ ይፋፋል። ታዲያ ጉልበቱ ጠፋ ነው የሚባለው ወይስ ወደ ቲማቲሙ ዞረ?

የአወዳይ ልጅ፦ 90ውማ በርጫ ላይ ወሬ ሆኖ አለቀ!

ጡረተኛው መምህር (ሐረር)፦ እህቴ፣ ጉልበትና ማዳበሪያ አንድ መንገድ አይሄዱም፤ እዚህ ላይ ነው ተማሪዎቼም ሁሌ የሚጋጩት።

ፍየሏ ከዋጠችው ገረባ ከፊሉ ሳይፈጭ በበጠጥ ይወጣል። ከተፈጨው ደግሞ አብዛኛው ለኑሮዋ ይነዳል፦ ለመራመድ፣ ለማመስኳት፣ ገላዋን ለማሞቅ። ሌሊት የጉረኖውን በር ክፈቺና ቁሚ። ፊትሽን የሚመታሽ ሙቀት ልጁ ከጠየቀው 90 ውስጥ ነው። እሱን መልሶ የሚይዘው የለም፤ ተክል ከሙቀት ስኳር አይሠራም። ሥጋና ወተት የሚሆነው ትንሹ ነው። 10 የሚለውም ሕግ ሳይሆን ግምት ነው፤ እንደ ፍየል ያለ ሙቅ ደም ያለው እንስሳ ብዙ ጊዜ ከዚያም በታች ነው። ነገሩን በቁጥር ያስቀመጠው አሜሪካዊው ሬይመንድ ሊንደማን ነው፣ ሚኒሶታ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሐይቅ ሲያጠና። ጽሑፉ በ1942 እ.ኤ.አ. ሲታተም እሱ 27 ሳይሞላው ሞቶ ነበር።

ቲማቲምሽ ጉልበት የሚያገኘው ከፀሐይ ብቻ ነው። ከበጠጡ የሚወስደው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም ነው፤ እነሱ ሙቀት ሆነው አያልቁም፣ ከአፈር ወደ ቅጠል፣ ከቅጠል ወደ ፍየል እየዞሩ ይኖራሉ። በጠጡ ውስጥ የተረፈውን ጉልበት የሚበሉት ባክቴሪያና ፈንገስ ናቸው። እርጥብ ፍግ ሲቆለል መሃሉ የሚግለው ለዚህ ነው።

ስለ ጅብ ማንም አልጠየቀኝም፤ ግን የጀጎል ሰው ሆኜ ዝም አልልም። ሌሊት በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ አጥንታችንን ይቆረጥማል። ኩሱ ሲደርቅ ኖራ የመሰለ ነጭ ነው፤ ነጩ የአጥንቱ ካልሲየምና ፎስፈረስ ነው። አጥንቱ ሜዳ ላይ ቢቀር ያ ፎስፈረስ ለዓመታት ታስሮ ይቆይ ነበር። ናይትሮጅን በአየር ይመለሳል፤ ፎስፈረስ ግን ያ ዕድል የለውም።

የአወዳይ ልጅ፦ ጋሼ፣ አሁን ከምሬ ልጠይቅ። እኛ ጋ ጫቱ ተቀንጥሶ ወደ ድሬና ወደ ጅቡቲ ይጫናል። የላሟን እበት ኩበት አድርገን እንማግደዋለን። ለመሬቱ ምን ተረፈው?

ጡረተኛው መምህር (ሐረር)፦ ከአንተ ማሳማ ዙሩ ተቆርጧል። ጫቱ ሲጫን ናይትሮጅኑም አብሮ ይጫናል፤ የዚህን ሒሳብ ነጋዴው ለአባትህ ከፍሎ አያውቅም። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል፣ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ ግን አብዛኛው አመዱ ውስጥ አለ። እና አመዱን መንገድ ላይ አትድፉ፣ ማሳው ላይ በትኑት። ለናይትሮጅኑ ቦሎቄ በማሽላው መሃል ዝሩ። አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ በቦሎቄ ሥር እብጠት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች እሱን ይዘው ለተክሉ ይሰጣሉ። ቦሎቄው ሲደርስ ግን ከነሥሩ ነቅላችሁ ለከብት ካሸከማችሁት ድካማችሁ ግማሹ ከንቱ ነው። እጨዱት፣ ሥሩ እዚያው ይቅር።

የከዚራዋ፦ ወላሂ እንግዲያው ፍየሎቼ የሚበሉት የአወዳይን አፈር ነዋ! የጫት መኪናው ሲመለስ ባዶውን ነው። በጠጡን በጆንያ ልላክልህ?

የአወዳይ ልጅ፦ ላኪ! ደረቅ ይሁን እንጂ፣ ሾፌሩ ከሸተተው አይጭንም።

የከዚራዋ፦ ማድረቁ በድሬ ፀሐይ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ጆንያውና የመኪናው ግን በአንተ።