መብራት ሄዶ ሲመጣ ቴሌቪዥናችን አልነሳ አለ፤ ቀይዋ መብራትም የለችም

የደብረ ብርሃኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቴሌቪዥናችን 43 ኢንች ፍላት ነው፤ ከተገዛ አራት ዓመቱ። ትናንት ማታ ዝናብ እየጣለ መብራት ሄደ። መጣ። ወዲያው ደግሞ ሄደ። ሁለተኛ ሲመጣ የቤቱ አምፖል ከወትሮው በላይ ቦግ አለ፤ ከቲቪው ጀርባ ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ አይነሳም። ሲጠፋ ከታች የምትታይ ቀይ መብራት ነበረችው። እሷም የለችም።

ሶኬት ቀይሬያለሁ። ዲቫይደሩን ትቼ ግድግዳው ላይ ሰክቼዋለሁ። የሪሞቱን ባትሪ ቀየርኩ፣ ቲቪው ላይ ያለውንም ቁልፍ ተጫንኩ። ምንም የለም። ሪሲቨሩ ግን ደህና ነው።

ለአንድ ሰሪ ደወልኩ። ሳያየው "ስክሪኑ ሄዷል፣ ሌላ ግዙ" አለኝ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካቃታት ቆይቷል፤ ቅዳሴ የምትከታተለው በዚህ ቲቪ ነው። ፍልሰታም ሊገባ ነው። አሁን አዲስ የምገዛበት አቅም የለኝም። እውነት ስክሪኑ ነው?

ናቲ፦
ከሶኬት ንቀዪውና የራሱን ቁልፍ አንድ ደቂቃ ያህል ተጭነሽ ያዢ። ከዚያ መልሰሽ ሰኪው። የእኔ በዚህ ተነስቶልኛል።

የደብረ ብርሃኗ፦
ሞከርኩት ናቲ፣ አመሰግናለሁ። አልሆነም።

የአዳማው ጠጋኝ፦
እህቴ፣ ቲቪ መጠገን ከጀመርኩ 17 ዓመቴ ነው። ይሄ የስክሪን ምልክት አይደለም። ስክሪኑ የተበላሸ ቲቪ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ መብራቱ ይበራል፣ ድምፁም ይሰማል። የአንቺ ጭራሽ መብራት አልገባለትም። ጧ ብሎ ከቆመ የምጠረጥረው ፓወር ሳፕላዩን ነው፤ ከሶኬት የሚገባውን ኃይል ተቀብሎ ለቲቪው የሚያከፋፍለውን ቦርድ ማለቴ ነው።

መስመሩ ላይ ኒውትራሉ፣ ማለትም የመመለሻው ሽቦ፣ ከላላ ወይም ከተቆረጠ፣ ቤት የሚገባው 220 ቮልት ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። አምፖሉ ቦግ ያለው ለዚህ ይመስለኛል። ፓወር ሳፕላዩ መግቢያ ላይ ቫሪስተር የሚባል ክብ ነገር አለ፤ ትንሽ ሳንቲም የሚመስል፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ። ኃይሉ ሲበዛበት ራሱን ይሰዋና ፊውዙን ያቃጥላል። ሥራው ነው፣ ሌላውን ያድናል። ዋጋቸውም ከስክሪን ጋር አይወዳደርም።

ግን ራስሽ እንዳትከፍቺው፣ አደራ። እዚያ ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ያጠራቅማል። ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ሊመታ ይችላል። ፊት ለፊትሽ ከፍቶ የሚያሳይሽ ሰሪ ፈልጊ። ሁለት ነገር ንገሪው። አንደኛ፣ በተቃጠለው ፊውዝ ቦታ ሽቦ እንዳያስር። ይሄን የሚያደርጉ አሉ፤ በዚህ ምክንያት ከስሎ የመጣልኝ ቦርድ አይቻለሁ። በላዩ በተጻፈው አምፔር ይተካ። ሁለተኛ፣ ከቀየረ በኋላ በቀጥታ አይሰካው። መጀመሪያ በሶኬቱና በቲቪው መሃል አምፖል አስገብቶ ይሞክረው። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደከመ ጥሩ ነው። በደማቁ በርቶ ከቀረ ሌላ ሾርት አለ፤ ዳዮዶቹንና ትራንዚስተሩን ይፈትሽ።

ሰላም ከሐዋሳ፦
ጋሼ፣ እግረ መንገዴን ልጠይቅዎት። የእኔ ቀይ መብራቱ አለ፣ ድምፁም አለ፤ ምስል ብቻ የለም።

የአዳማው ጠጋኝ፦
ክፍሉን አጨልምና የስልክህን መብራት ወደ ስክሪኑ አስጠግተህ እይ። ደብዘዝ ያለ ምስል ከታየህ ስክሪኑ ደህና ነው፤ ከጀርባው የሚያበሩት ኤልኢዲዎች ናቸው የሄዱት። ተያይዘው በተርታ ስለሚሠሩ አንዱ ሲቃጠል መስመሩ ሁሉ ይጠፋል። ሲሠራልህ፣ ከሴቲንግ ውስጥ ባክላይቱን ከ100 ወደ 60 አካባቢ አውርደው። ዕድሜው ይረዝማል።

የደብረ ብርሃኗ፦
ጋሼ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ሌላ ሰሪ አገኘሁ፤ ወጣት ልጅ ነው። ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ ሲከፍተው አየሁ። የፊውዙ መስታወት ውስጡ ጠቁሯል። ቫሪስተሩ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ዙሪያው ጥላሸት ነው። ሁለቱን ቀየረ። ዳዮዶቹን በቴስተር ለካ፣ ደህና ናቸው። ስለ አምፖሉ ስነግረው "ማን ነገረሽ?" ብሎ ገረመው፤ ለካ እሱም እንደዚያ ነው የሚሠራው። የ60 ዋት አምፖል አስገባ። ቦግ አለ፣ ደከመ። ከዚያ ያቺ ቀይ መብራት ብልጭ ስትል እንባዬ መጣ።

ጠቅላላ የከፈልኩት የአዲስ ቲቪ ዋጋ ሩቡን አይሞላም። ከተረፈኝ ስታብላይዘር ገዛሁ። መብራት ሲመጣ ወዲያው አያስተላልፍም፣ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚለቀው። መብረቅ ሲኖር ደግሞ ከነጭራሹ እነቅለዋለሁ።

እናቴ ዛሬ ከማለዳው ጀምራ ነጠላዋን ለብሳ ፊቱ ተቀምጣለች። "ያን የአዳማ ሰውዬ እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ" ብላኛለች።