የቆሎ ተማሪው ኮሚክ ሳይቴን እዩልኝና ሳትራሩ ንገሩኝ

ቾቄ_ሥር (ደብረ ማርቆስ)

እንደምን ናችሁሳ። ሁለት ዓመት ያህል ማታ ማታ ስሥለው የኖርሁትን ኮሚክ በመጨረሻ ሳይት ላይ አወጣሁት። የአንድ ቆሎ ተማሪ ታሪክ ነው። ከዲማ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ቅኔ ሊማር ወደ ዋሸራ ይሄዳል፣ መንገድ ላይ ውሻ ያባርረዋል፣ አንዳንድ ቀን አኩፋዳው ባዶ ሆኖ ያድራል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። እስካሁን 40 ገጽ ወጥቷል። በየሐሙሱ አንድ ገጽ እጨምራለሁ።

ችግሬ ምን መሰላችሁ፣ በወረቀት ያየው ሰው ሁሉ ይወደዋል። ሊንኩን የላክሁለት ሰው ግን "አየሁት፣ አሪፍ ነው" ብሎ ዝም ነው። ገጽ 3 ላይ ስላለው ነገር ስጠይቀው አያውቀውም። አንዱን ጓደኛዬን እስኪ እፊቴ ክፈተው አልሁት፣ ትንሽ ነካካና ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ሳይቱን የሠራሁት ራሴ ነኝ። ለጃፓን ኮሚክ የተዘጋጀ ነፃ ቴምፕሌት አውርጄ ነው ያስተካከልሁት። ጀርባውን ብራና አስመስየዋለሁ። ሲከፈት የሚሰማ የበገና ዜማም አለው። በኮምፒውተሬ ሳየው ደስ ይለኛል፣ የራስ ልጅ ሆኖብኝም ይሆናል። ሥዕሉን ለጊዜው ተዉትና ሳይቱን ንገሩኝ። ሲከፈት፣ ሲነበብ፣ ቀጣዩ ገጽ ሲፈለግ እንዴት ነው? "አሪፍ ነው" የሚል ሰው ባይጽፍ ደስ ይለኛል።

ጣና_ዳር (ባሕር ዳር)

ሳትራሩ ካልህ እሺ። ባጃጅ እየጠበቅሁ በስልኬ ከፈትሁት። ነጭ ገጽ። ባጃጁ መጣ፣ ገባሁ፣ ጊዮርጊስ ጋ ስወርድ የሥዕሉ የላይኛው ግማሽ ብቻ ነበር የመጣው፣ የልጁ ጭንቅላትና አንድ ዛፍ። ጓደኛህ ስልኩን ኪሱ ቢከትት አልፈርድበትም። ጃኮብ ኒልሰን የሚባለው የዚህ ሙያ ሰው በፈረንጁ በ1993 የጻፈው አሁንም ይሠራል፤ ሰው እስከ 1 ሰከንድ ከጠበቀ ሐሳቡ አይቋረጥም፣ 10 ሰከንድ ካለፈ ግን ልቡ ሌላ ቦታ ሄዷል። ያንተ ልቤን ብቻ ሳይሆን ራሴንም ከተማ አሻግሮኛል።

ቤት ገብቼ ምክንያቱን አየሁት። አንዱ ሥዕል 2480 በ3508 ፒክስል ነው። ኤ4 ወረቀት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስካን ሲደረግ የሚወጣው ልኩ ይኸ ነው፣ ማለት ከስካነሩ እንደወጣ ነው የጫንኸው። ለማተሚያ ቤት ቢሆን ትክክል። የብዙ ሰው ስልክ ግን አግድሙ 720 ወይም 1080 ፒክስል ነው፤ የተረፈውን ማንም አያየውም፣ ዳታውን ግን ሁላችንም እንከፍልበታለን። አግድሙን ወደ 1200 አካባቢ አውርደውና ዌብፒ በሚባለው ቀለል ያለ የሥዕል ፋይል ዓይነት አስቀምጠው። ጄፔግ ካደረግኸው አብዝተህ አትጭመቀው፣ ጥቁር መስመር ባለው ሥዕል ዙሪያውን አቧራ የነካው ያስመስለዋል።

ከሁሉ የባሰው ግን "ማህደር" የሚለው ገጽ ነው። 40 ትንንሽ ሥዕል የሚመስሉት ነገሮች ትንንሽ አይደሉም። ትልልቆቹን ራሳቸውን ነው በኮድ ያሳነስሃቸው። ያን ገጽ የከፈተ ሰው ኮሚክህን በሙሉ በአንድ ጊዜ ያወርዳል፣ ከዚያ ጥቅሉ አልቆ ቴሌን ይረግማል። ለማህደሩ ለብቻው ትንሽ ቅጂ አዘጋጅ።

ሌላው ቴምፕሌቱ ነው። የጃፓን ኮሚክ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው፣ ስለዚህ "ቀጣይ" በግራ በኩል ነው ያለው። አማርኛ አንባቢ ደግሞ እጁ ወደ ቀኝ ነው የሚሄድ። እኔ ከገጽ 2 ወደ 3 እሄዳለሁ ብዬ 1 ላይ ተመለስሁ፣ ደገምሁት፣ ተመለስሁ። ገጽ 3ን ማንም የማያውቀው ለምን እንደሆነ አሁን ገባህ?

ዳንግላ_ሰፈር (ዳንግላ)

በገናውንስ ምን እንበለው ብሮ። ስከፍተው ጸጥ ያለ ነበር፣ ደህና አልሁ። ክሮም ሰው ገጹን እስኪነካ ድምፅ አይለቅም፣ በፈረንጁ ከ2018 ጀምሮ እንዲያ ነው። ከዚያ "ቀጣይ"ን ስነካት ቢሮ መሀል ድድድም አለ። አለቃዬ ቀና ብሎ አየኝ፣ ፆም ገባ እንዴ አለኝ። ማጥፊያዋን ስፈልግ ከታች ጥግ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ነገር ናት፣ በአውራ ጣት አትያዝም። በነገራችን ላይ ለጣት የሚሠራ በተን አፕል ቢያንስ 44 ነጥብ ይላል፣ አንድሮይድ ደግሞ 48። ያንተ ግማሹንም አይደርስም።

ደግሞ "ዘወትር ሐሙስ 8 ሰዓት" ይላል። እኔ ከምሳ በኋላ መስሎኝ ሐሙስ ሐሙስ ስጠብቅ ለካ በፈረንጁ ጠዋት ነው፣ ለኛ 2 ሰዓት። ጎጃም ውስጥ ተቀምጠህ ለጎጃሜ በፈረንጅ ሰዓት ምን አስጻፈህ? ማህደሩም "ኦገስት 14" ነው የሚለው። ቀኑን ማን ይፈልገዋል፣ "ውሻው ያባረረው ለታ" በል።

የኔ ሐሳብ ግን ሳይቱን እርሳው ነው። ቴሌግራም ቻናል ክፈት፣ ሕዝቡ እዚያ ነው ያለው። ሥዕሉንም እንደ ኮሪያዎቹ ቁልቁል አድርገው። እነሱ በፈረንጁ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምረው በስክሮል ነው የሚያስነብቡ፣ "ቀጣይ" ምናምን የለ፣ ዝም ብሎ ወደ ታች።

ዘ_ጉባኤ_ቃና

ልጄ፣ እኔ የኮምፒውተሩን ነገር አላውቅም። ደበሎ ለብሼ ቅኔ ቤት ግን አድሬአለሁ፣ በእንተ ስማ ለማርያም ብዬ ለምኛለሁ፣ ስለዚህ ሥዕሉ ቢዘገይም ታግሼ 40ውንም ጨርሻለሁ። የጨረስሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ገጽ 11 ላይ ተማሪው ለመምህሩ ጉባኤ ቃና ይቀኛል፣ ሁለት መስመር ግእዝ። መምህሩ ይስቃሉ፣ ደቀ መዛሙርቱ ይስቃሉ። ግእዝ የማያውቅ አንባቢ ምን ብሎ ይሳቅ? ይኸ ልጅ ፍቺውን ረሳው ብዬ ታዝቤህ ነበር። ትናንት የልጅ ልጄ በላፕቶፕ ከፍቶት ቀስቷን ሥዕሉ ላይ ሲያሳርፋት ፍቺው ብቅ አለ። ለካ አለ! እኔ የማነበው በስልክ ነው። ስልክ ማውዝ የለው፤ ጣት ወይ ይነካል ወይ አይነካም፣ ላዩ ላይ አያንዣብብም። ሰሙን ለሁሉ ሰጥተህ ወርቁን ላፕቶፕ ላለው ሰው ብቻ ቀበርኸው።

ዘጌ ሄደህ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አይተሃታል? ግድግዳው ሁሉ ታሪክ በታሪክ ተሥሏል፣ ጽሑፉም እዚያው ከሥዕሉ አጠገብ ነው። አንተም ፍቺውን ከሥዕሉ ሥር አድርገው። ግን ወዲያው አትዘርግፈው፤ ቅኔ ሲነገርህ መጀመሪያ ትንሽ ልትቸገርለት ይገባል። "ፍቺ" የምትል ቁልፍ አድርግና የፈለገ ይንካት።

ብራናውም ያምራል፣ ጽሑፉ ግን ቡናማ በቡናማ ሆኖ ለዐይን ይከብዳል። የጥንቱ ጸሐፊ ቀለሙን ጥቁር የሚያደርገው ያለ ነገር አይደለም። ደግሞ መፈለጊያው ላይ የልጅ ልጄ "ፀሎት" ብሎ ቢጽፍ ምንም የለም አለው። አንተ "ጸሎት" ብለህ ነው የጻፍኸው። ልክ ነህ፣ በጸሎቱ ጸ ነው። ግን ልጆቹ በፀሐዩ እየጻፉ ታሪክህን ሳያገኙ ሊቀሩ ነው?

ጣና_ዳር

የአባባ ነገር እኔ ካልሁት ሁሉ ይበልጣል፣ ማውዙን እኔ ጭራሽ አላየሁትም። መፈለጊያው በቀላሉ ይስተካከላል። ሰው የጻፈውንም ሳይቱ ላይ ያለውንም ከማወዳደርህ በፊት ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይራቸው። ሰባቱንም ድምፅ እንዳትረሳ። የሚታየው ጽሑፍ አይነካም፣ ፍለጋው ብቻ ነው የሚለወጥ። ንግግሩንም ከሥዕሉ ሥር በጽሑፍ አስቀምጠው፤ አሁን ሁሉም ነገር ሥዕል ስለሆነ መፈለጊያ አያገኘውም፣ ማየት ለተሳነው ሰው በድምፅ የሚያነብለት ስልክም ዝም ነው የሚል።

ዳንግላ_ሰፈር፣ ቴሌግራሙ ለማስታወቂያ ጥሩ ነው፣ ሐሙስ ሐሙስ ሊንክ ይጣልበት። ቤቱ ግን አይሁን። ቻናል ላይ አዲስ ሰው ሲገባ የሚያገኘው የመጨረሻውን ገጽ ነው፣ ታሪክ ደግሞ ከመጨረሻው አይጀመርም። ፎቶ አድርገህ ስትለቀውም ያሳንሰውና የንግግሩ ፊደል ይደበዝዛል። ይኸ አዲሱን ገጽ መጀመሪያ የማሳየት ነገር ያንተም ሳይት ላይ አለ ቾቄ_ሥር። ስከፍተው ገጽ 40 ላይ ነው የወደቅሁ፣ ልጁ እያለቀሰ፣ ለምን እንደሚያለቅስ ሳላውቅ። "ከመጀመሪያው ጀምር" የሚል ትልቅ በተን ከላይ አድርግ።

ቁልቁሉን በተመለከተ ግን በከፊል እስማማለሁ። ገጽህ ላይ ስድስት ሳጥን አለ፣ ስልክ ላይ ፊደሉ የጉንዳን እግር ይሆናል። ለስልክ ሳጥን ሳጥኑን ቆርጠህ ቁልቁል ደርድረው፣ ለኮምፒውተር ገጹ እንዳለ ይሁን። ገጽ 26ን ብቻ እንዳትቆርጠው። ያ የዓባይ በረሃ ሥዕል፣ ልጁ ከታች ነጥብ አክሎ የሚታይበት፣ ቢቆረጥ ትርጉሙ ያልቃል።

ዳንግላ_ሰፈር

26ን እኔም አልነካም። ቴሌግራሙን ግን አልለቅም።

ቾቄ_ሥር (ደብረ ማርቆስ)

እሺ፣ ተገረፍሁ። እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። በተለይ አባባ፣ 40ውን ገጽ ጨረስሁ ያሉኝ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ሥዕሎቹን አሳነስሁ። "ቀጣይ" ወደ ቀኝ መጥቷል፣ በገናው ወጥቷል (ትንሽ አሞኛል)፣ "2 ሰዓት ጠዋት" ብዬ ጽፌአለሁ፣ ፍቺዋም ቁልፍ ሆናለች። ከዚያ ኒልሰን በፈረንጁ በ2000 ለሙከራ 5 ሰው ይበቃል እንዳለ አነበብሁና የሰፈር ሰው ሰበሰብሁ። ምንም እንዳልነግራቸው አፌን ይዤ ተቀመጥሁ፣ እሱ ነው የከበደኝ። አራቱ ደህና ሄዱ። አምስተኛዋ የእህቴ ልጅ ናት፣ 9 ዓመቷ ነው። "ቀጣይ"ን አየቻትና ተወቻት። ሥዕሉን ራሱን ነካችው፣ ምንም አልሆነም። ደግማ ነካችው። "አጎቴ፣ ተበላሸ" ብላ ስልኩን መለሰችልኝ።

ማታውኑ ሥዕሉን ራሱን ሲነኩት ወደሚቀጥለው እንዲሄድ አደረግሁት። ጠዋት መልሼ ሰጠኋት፣ ገጽ 19 ድረስ ቀና አላለችም። ግን አሁን ሌላ ጣጣ መጣ፤ ሰው ፊደሉን ለማጉላት ሁለቴ ሲነካው ሁለት ገጽ ይዘልበታል። በሁለት ጣት ሲጎትቱት ደህና ነው። ምን ባደርግ ይሻላል? ሲነኩት ወደሚቀጥለው የሚወስደው የሥዕሉ ቀኝ ግማሽ ብቻ ይሁን?

ጣና_ዳር

ሣጥን ሣጥኑን ቁልቁል ካደረግኸው ፊደሉ ስለሚተልቅ የሚያጎላ ሰው አይኖርም። መጀመሪያ እሱን ጨርስና እንየው።

ዘ_ጉባኤ_ቃና

አሁን በስልኬ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ተባረክ። ቶሎ ቶሎ ሲመጣ ግን ያላየሁትን አየሁ። ገጽ 7 ላይ የደበሎው ጠጉር ወደ ውጭ ነው፣ ገጽ 8 ላይ ወደ ውስጥ ገብቷል። በአንድ ሌሊት መቼ ገለበጠው?