ቦሎቄው ደሙን ቋጥሮታል፣ ስኳር ግን አላስለቀቀውም! ነገ ጠዋት ሴሚናር አለብኝ

የማራኪ ልጅ፦ ጎበዝ ድረሱልኝ። ነገ 3 ሰዓት ላይ ሕዋስ አጣባቂ ፕሮቲኖች ስኳርን እንዴት ለይተው እንደሚይዙ አቀርባለሁ። ለማሳያ ብዬ የቀይ ቦሎቄ ውሃ ከታጠበ ደም ጋር ስላይድ ላይ ቀላቀልሁ፤ ሕዋሱ እርስ በርሱ ተጣብቆ ወዲያው ተቋጠረ። ፕሮቲኑ ስኳሩን ይዞ ደሙን ይለቃል ብዬ ግሉኮስ ስጨምር ግን አልለቀቀም። ማኖስም ጋላክቶስም ያው። ምን ላድርግ?

አዘዞ፦ ቦሎቄው ጥሬ ነው?

የማራኪ ልጅ፦ ጥሬ ነው እንጂ፣ ብቀቅለውማ እበላው ነበር።

ጨዋታ አዋቂ፦ ጥሬውን ብቻ እንዳትቀምሰው፤ ሴሚናሩን ሽንት ቤት ሆነህ ነው የምታቀርበው። አንጀት የሚያተራምሰው ያው ፕሮቲን ነው፣ በደንብ ካልፈላ አይሞትም።

ላብ ቴክ፦ የደሙ ቱቦ ክዳን ሐምራዊ ነው? ደም እንዳይረጋ ቱቦው ውስጥ ያለው ኢዲቲኤ ካልሲየሙን ወስዶብሃል። ካልሲየም ጨምርበት።

አዘዞ፦ ወንድሜ፣ ተቋጠረ እኮ ነው የሚለው፤ ካልሲየም ቢጎድለው መች ይቋጠር ነበር?

ጋሽ ባዮኬሚ፦ ልጄ፣ ርእስህና ማሳያህ አይገናኙም። አጣባቂ የምትላቸው ሴሌክቲኖች ናቸው፤ ፒ፣ ኢ እና ኤል። የደም ሥር ግድግዳ ሲቆጣ ፒ እና ኢ ገጹ ላይ ይወጣሉ፤ ኤል ነጩ የደም ሕዋስ ላይ ነው። የሚይዙት ሲያሊል ሉዊስ ኤክስ የሚባል ባለአራት ስኳር ቅንጣቢ ነው፦ ሲያሊክ አሲድ፣ ጋላክቶስ፣ ፉኮስ፣ ኤን አሴቲል ግሉኮሳሚን። እዚያ ካልሲየሙ ራሱ የፉኮስን ሁለት ሃይድሮክሲሎች ይጨብጣል፤ ኢዲቲኤ ሲገባ ያለቀለት ለዚህ ነው። አያያዙም ደካማ ነው፣ ቶሎ ይዞ ቶሎ ይለቃል፤ ነጩ ሕዋስ በግድግዳው ላይ የሚንከባለለው ከዚህ የተነሣ ነው። ፉኮስ የማይሰካላቸው ልጆች አሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሳቸው ደም ውስጥ ሞልቶ ሳለ ቁስሉ ጋ አይደርስላቸውም። ቦሎቄ ላይ ግን ካልሲየሙና ማንጋኒዙ ስኳሩን አይነኩትም፤ ስኳሩ ከሚገባበት ኪስ ሥር ሆነው አሚኖ አሲዶቹን ቦታ ያስይዛሉ። ውስጥ ስለተቀበሩም የቱቦ ኢዲቲኤ በቀላሉ አያወጣቸውም።

ላብ ቴክ፦ ቢሆንም ካልሲየም ቢጨምር አይጎዳውም።

የማራኪ ልጅ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፤ ግን ስኳሩ ለምን አልሠራም?

እቴ ሽሮ፦ ካልሲየሙን ተዉት። የቦሎቄ ሌክቲን፣ ማለት ስኳር የሚይዘው ፕሮቲኑ፣ በነጠላ ስኳር አይሸነፍም፤ የሚያውቀው ባለቅርንጫፍ ረጅም ሰንሰለት ነው። እንዲህ ያለ ሰንሰለት ያለው የታይሮይድ ዕጢ ፕሮቲን፣ ታይሮግሎቡሊን፣ ያስቆመዋል፣ በዚህ ማታ ከየት ታመጣለህ እንጂ። ቦሎቄውን ለወጥ ተወውና ምስር ያዝ። የምስር ሌክቲን ማኖስና ግሉኮስ ይይዛል፣ ማኖስ ይበልጥበታል። ጥሬውን ፈጭተህ በሳላይን ዘፍዝፈህ አጥልለው፤ ከቦሎቄው ደከም ስለሚል ወፈር ይበል። ስኳሩን መጀመሪያ ከምስሩ ውሃ ጋር አዋሕደህ ትንሽ ቆይ፣ ደሙ መጨረሻ ይግባ። 40% ግሉኮስ ካገኘህ እስከ 5% አቅጥነው፤ እንዳለ ከገባ ሕዋሱን ያኮማትረዋል። ለማነጻጸሪያ ጋላክቶስ ውሰድ፣ እሱ መቋጠሩን መከልከል የለበትም። የሻይ ስኳር እንዳታደርግ፤ ግማሹ ግሉኮስ ስለሆነ ራሱ ይከለክላል።

የማራኪ ልጅ፦ ምስር በዚህ ሰዓት? አራዳ እኮ ተዘግቷል።

ጨዋታ አዋቂ፦ በጾም ጎንደር ተቀምጦ ምስር አጣሁ ይላል! አከራይህን ለምን አትጠይቃቸውም?

የማራኪ ልጅ፦ እማማ ያላቸው የምስር ክክ ነው። ይሆናል?

እቴ ሽሮ፦ ይሆናል፣ ሌክቲኑ ፍሬው ውስጥ ነው። ያልታመሰ ይሁን ብቻ። ነገ ስትናገር ደግሞ «ይህ ሴሌክቲን ነው» እንዳትል፣ ጋሼ ያሉትን የካልሲየም ልዩነት አንሣው።

አዘዞ፦ እንዴት ሆነ? እኔም ለሳምንት ይህንኑ ነው የምሠራ። የጥንቸል ደም ነው ያለን።

እቴ ሽሮ፦ ለምስር እንዲያውም ከሰው ደም ይሻላል።